ስለ እርጅናና ስለ ጽናት መመራመርን ሙያ ማድረግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉትን ጥያቄዎች የሚያነሡት የሶሻል ወርክ፣ የሶሺዮሎጂ፣ የሥነ ልቦናና የሕዝብ ጤና ተማሪዎች፣ እንዲሁም ሥራ ላይ ያሉ ነርሶችና የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዎች ናቸው። መልስ የሚሰጠው ደግሞ ይህን መስክ የሚወድና ብዙ ሰው እንዲገባበት የሚመኝ መምህር ስለሆነ ገለልተኛ መልስ አትጠብቁ። እ.ኤ.አ. ያልተባለ ዓመት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

የአረጋውያን ተመራማሪ ምን ይሠራል? ከሐኪምስ በምን ይለያል?

አረጋውያንን የሚያክመው የሕክምና ዘርፍ ጄሪያትሪክስ ይባላል፤ ደም ግፊትን፣ የአጥንት መሳሳትን፣ የመርሳት በሽታን ይከታተላል። የአረጋውያንን ኑሮና ከሌላው ጋር ያላቸውን ግንኙነት የሚያጠናው ማኅበራዊ ጀሮንቶሎጂ የሚጠይቀው ሌላ ነው። ባለቤታቸው ያረፉባቸው እናት ጠዋት በራቸውን የሚያንኳኳ ማን አላቸው? ጡረታ የወጣው አስተማሪ ቀኑን በምን ይሞላዋል? ልጆቹ ሁሉ ከተማ የገቡበት ገበሬ መሬቱን ማን ያርስለታል? ሲታመምስ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው ማን ነው? በዚህ መስክ ውስጥ ጽናትን የሚያጠኑ ደግሞ ሰው ከሐዘን፣ ከስደት፣ ከድርቅ ወይም ከከባድ ሕመም በኋላ ሕይወቱን እንዴት መልሶ እንደሚያቆም ይመረምራሉ።

የዕለት ሥራው እንደማንኛውም የዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው፦ ማስተማር፣ ማንበብ፣ የተማሪ ጽሑፍ ማረም፣ የምርምር ገንዘብ ለማግኘት ማመልከት። የሚለየው የመስክ ሥራው ነው። ከሰዎች ጋር ረዥም ሰዓት ተቀምጦ ማዳመጥ፣ የሰሙትን ቃል በቃል መገልበጥ፣ ከዚያም በብዙ ሰዎች ታሪክ መካከል የሚደጋገመውን ማውጣት ነው።

ጽናት አንዳንድ ሰው ይዞት የሚወለደው ባሕርይ አይደለም?

መልሱ አይደለም ነው። ወደዚህ መልስ እንዴት እንደተደረሰ ማወቅ ግን ይጠቅማል፤ ለሙያውም ጥሩ መግቢያ ነው።

የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ኤሚ ወርነርና የሥራ ባልደረባዋ ሩት ስሚዝ በሃዋይ፣ ካዋይ በምትባል ደሴት እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ሕፃናትን እስከ ጎልማሳነታቸው ተከታትለዋል። ከሕፃናቱ መካከል በድህነት፣ በወላጅ ሕመምና በጠብ በተሞላ ቤት ያደጉ ነበሩበት። ከእነዚህ አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት በሥራቸውም በትዳራቸውም የተሳካላቸው፣ ለሌላ የሚተርፉ ሰዎች ሆኑ። ምን አገኙ ተብሎ ሲጠና፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ቢያንስ አንድ የማይለወጥባቸው አዋቂ እንደነበራቸው ታየ፤ አያት፣ አክስት፣ ጎረቤት ወይም መምህር። ይህ እርጅናን ለምናጠና ሰዎች ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም አያት እዚህ ጥናት ውስጥ የሚታዩት ጽናትን ሲሰጡ ነው። በአገራችንም ኤች.አይ.ቪ. ብዙ ወላጆችን በቀጠፈበት ዘመን የልጅ ልጆቻቸውን ያሳደጉት አያቶች ነበሩ። የእነርሱ ሥራ በቂ ጥናት የተደረገበት አይመስለኝም።

ሁለተኛው ሰው አሮን አንቶኖቭስኪ ነው። አሜሪካ ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ1960 ወደ እስራኤል የሄደ ሶሺዮሎጂስት ሲሆን፣ በማረጥ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶችን ሲያጠና በመካከላቸው ከናዚ ማጎሪያ ካምፖች የተረፉ አገኘ። ከተረፉት ውስጥ 29 በመቶዎቹ በጥሩ የአእምሮ ጤንነት ላይ ነበሩ። ካምፕ ባልገቡት ዘንድ ቁጥሩ 51 በመቶ ነበር። ሌላ ተመራማሪ ቢሆን ልዩነቱን ጽፎ ያልፍ ነበር። እርሱ ግን «ያን ሁሉ አልፈው እነዚህ 29ኙ እንዴት ቆሙ?» ብሎ ጠየቀ፤ ቀሪ ዕድሜውንም በዚሁ ጥያቄ ላይ አሳለፈ። የደረሰበትም ይህ ነው፦ በሕይወቱ የሚደርሰውን ነገር መረዳት የሚችል፣ ለመወጣት የሚያስፈልገው አቅም በእጁ ወይም በሚያምነው ሰው እጅ እንዳለ የሚሰማው፣ ድካሙም ትርጉም እንዳለው የሚያምን ሰው ከመከራ በኋላ ጤናው የተሻለ ይሆናል። «በሚያምነው ሰው እጅ» የምትለዋን ልብ በሉ፤ ተማሪዎች ሲያነቡ ብዙ ጊዜ ይዘልሏታል።

ሦስተኛው በጣም የምወደው ምሳሌ ከቺካጎ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 1995 ከተማዋን ያልተለመደ ሙቀት መታት፤ ከ700 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ አብዛኞቹም አረጋውያን ነበሩ። ሶሺዮሎጂስቱ ኤሪክ ክላይነንበርግ ኖርዝ ላውንዴልና ሳውዝ ላውንዴል የሚባሉ ሁለት ጎረቤት ሰፈሮችን አነጻጸረ። በሁለቱም ብቻቸውን የሚኖሩ ድሃ አረጋውያን ነበሩ፤ የሞት መጠኑ ግን በመጀመሪያው ሰፈር ከሁለተኛው በአሥር እጥፍ ይበልጥ ነበር። ብዙ ሰው በሞተበት ሰፈር ሱቆቹ ተዘግተዋል፣ ነዋሪው ለቅቋል፣ ሽማግሌው ወንጀል ፈርቶ በሩን ቆልፎ ተቀምጧል። በሌላኛው ሰፈር መንገዱ ሕይወት ነበረው፤ ዳቦ ቤቱም ሱቁም ክፍት ስለነበር አረጋውያኑ ይወጡ ነበር፣ የቀረ ሰው ካለም ይጠየቅ ነበር። የሁለቱ ሰፈር ሽማግሌዎች በባሕርይ ጥንካሬ አሥር እጥፍ ይለያያሉ ብሎ የሚያምን የለም።

ጁሊያን ሆልት-ላንስታድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ትንተና ደግሞ 148 ጥናቶችን፣ በአጠቃላይ ከ300 ሺህ በላይ ሰዎችን አንድ ላይ አይተው፣ ጠንካራ ማኅበራዊ ግንኙነት ያለው ሰው በጥናቶቹ ጊዜ በሕይወት የመቆየት ዕድሉ በ50 በመቶ እንደሚበልጥ አሳይተዋል። እንግዲህ ተመራማሪው ጽናትን የሚፈልገው በሰውየውና በጎረቤቱ፣ በቤቱና በመንገዱ መካከል ነው። ሌላው ጥያቄ ሁሉ ከዚህ ይነሣል።

ኢትዮጵያ የወጣቶች አገር ናት። አረጋውያንን ማጥናት ቅንጦት አይሆንም?

ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት የምርምር ገንዘብ የሚሰጡ ሰዎች ናቸው፤ ሁልጊዜም ቅር ያሰኘኛል። እርግጥ ነው፣ ዕድሜያቸው 60ና ከዚያ በላይ የሆነ(ኑ) ሰዎች ከሕዝባችን 5 በመቶ ያህል ብቻ ናቸው። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት አገር ግን ይህ ማለት በርካታ ሚሊዮን ሰው ነው። በዓለም ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2020 አንድ ቢሊዮን የነበሩት የዚህ ዕድሜ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2050 ከሁለት ቢሊዮን እንደሚያልፉ የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል፤ ፈጣኑ ጭማሪም በታዳጊ አገሮች ነው። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2030 ያለውን ጊዜ ለጤናማ እርጅና የሰጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ቁጥሩን እንተወውና አኗኗሩን እንይ። ጡረታ የሚያገኘው የመንግሥት ወይም የተመዘገበ የግል ድርጅት ሠራተኛ የነበረ ሰው ነው፤ የግል ድርጅት ሠራተኞች እንኳ በሕግ የታቀፉት በ2003 ዓ.ም. ነው። ገበሬው፣ የጉሊት ነጋዴዋ፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ የቀን ሠራተኛው ከዚህ ውጭ ናቸው። በገጠር የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ጉልበት ለሌላቸው በሚሰጠው ቀጥታ ድጋፍ የታቀፉ አረጋውያን አሉ፤ ለሌላው ጡረታው ልጁ ነው። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ብለን የምንመርቀውም ለዚህ ነው። አሁን ግን ጧሪው ራሱ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ፣ ጅዳ፣ ቤይሩት ወይም ዋሽንግተን ነው። ይህ ለውጥ በወላጅ ላይ ምን እያደረገ እንደሆነ ሳናጠና ፖሊሲ እንጽፋለን ማለት አይቻልም።

አንድ ነገር ልጨምር። አገሪቱ ካሏት ትልልቅ ጥናቶች አንዱ የሆነው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በተናጠል ቃለ መጠይቅ የሚያደርገው ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶችንና ከ15 እስከ 59 ዓመት ያሉ ወንዶችን ነው። ዓላማው የእናቶችና የሕፃናት ጤና ስለሆነ አልወቅሰውም። ነገር ግን አንዲት ሴት 50 ዓመት ሲሞላት በቤተሰቡ ዝርዝር ውስጥ ስሟ ይቆጠራል እንጂ ስለ ራሷ የሚጠይቃት የለም።

ምን መማር አለብኝ?

የመጀመሪያ ዲግሪው ከማኅበራዊ ሳይንስ ወይም ከጤና ቢሆን ይመረጣል። ሶሻል ወርክ፣ ሶሺዮሎጂ፣ ሥነ ልቦና፣ አንትሮፖሎጂ፣ ነርሲንግና የሕዝብ ጤና ሁሉም መግቢያ በሮች ናቸው። በአገር ውስጥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2004 በሁለተኛ ዲግሪ እንደገና የተጀመረው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት ሦስተኛ ዲግሪም ያስተምራል፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲም በመስኩ ያስተምራል። ትምህርት ክፍሉ «ጀሮንቶሎጂ» የሚል ስም ባይኖረው አትዘኑ፤ የመመረቂያ ጽሑፉን በአረጋውያን ላይ መሥራት ይቻላል።

በውጭ አገር ራሱን የቻለ የጀሮንቶሎጂ ትምህርት የሚሰጡ አሉ። በሎስ አንጀለስ የሚገኘው የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ቤት ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። በቦስተን የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ፣ በእንግሊዝ የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ፣ በእስራኤል የሃይፋ ዩኒቨርሲቲም ይታወቃሉ። ይሁን እንጂ ከዩኒቨርሲቲው ስም በፊት የአማካሪውን ስም ፈልጉ። ጥሩ አማካሪ ጊዜ የሚሰጥ፣ ረቂቃችሁን አንብቦ የሚመልስ፣ ከዚህ በፊት ያማከራቸውን ተማሪዎች ያስመረቀ ሰው ነው። የቀድሞ ተማሪዎቹን ጠይቁ፤ ማንም አይቀየማችሁም።

ስታቲስቲክስ ግድ ነው?

ቢያንስ ሌላው የጻፈውን ሠንጠረዥ አንብቦ መተቸት ግድ ነው። አንድን ሰው ለዓመታት የሚከታተል ጥናት መሥራት ከፈለጋችሁ ግን ጠልቃችሁ ተማሩት፤ መካከል ላይ የሚሞቱና የሚጠፉ ተሳታፊዎችን በስሌት እንዴት እንደሚይዙ ሳያውቁ የእርጅናን መረጃ መተንተን አደገኛ ነው። ደካሞቹ ቀድመው ስለሚያልፉ፣ ያልተጠነቀቀ ተመራማሪ «ሰው ሲያረጅ እየጠነከረ ይሄዳል» የሚል ድምዳሜ ላይ ሊደርስ ይችላል።

የትኞቹን ንድፈ ሐሳቦች ማወቅ አለብኝ?

እ.ኤ.አ. በ1961 ከካንሳስ ሲቲ ጥናት የወጣው የመነጠል ንድፈ ሐሳብ፣ ሰው ሲያረጅ ከማኅበረሰቡ ቀስ በቀስ መለየቱ ተፈጥሯዊ ነው፣ ለሁለቱም ይበጃል ይል ነበር። ብዙ ትችት ገጥሞት ዛሬ የሚከተለው የለም ማለት ይቻላል። በእኛ ገጠር ያደገ ሰው ደግሞ ከመጀመሪያውም አያምነውም፤ ሽምግልና የሚጀመረው ፀጉር ሲሸብት ነው፣ ደም ለማድረቅና ትዳር ለማስታረቅ የሚጠራው ሽማግሌው ነው። ንድፈ ሐሳቡን አንብቡት፤ አንድ ከተማ ላይ የታየ ነገር የሰው ልጅ ሕግ ተብሎ እንዴት እንደሚጻፍ ያሳያል።

ግሌን ኤልደር በኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ የተወለዱ ልጆች በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ውስጥ እንዴት እንዳደጉ አጥንቶ፣ አንድ ታሪካዊ ክስተት እንደደረሰበት ዕድሜ ሕይወትን በተለያየ መንገድ እንደሚቀርጽ አሳየ። እኛ ዘንድ ይህን ማየት ቀላል ነው። የ66ቱ አብዮት ሲፈነዳ አሥር ዓመት የነበረውና ሃያ ዓመት የነበረው ዛሬ ሁለቱም አረጋውያን ናቸው፤ የተሸከሙት ግን አንድ አይደለም።

ፖል ባልቴስ በበርሊን የአረጋውያን ጥናት የሚታወቅ ጀርመናዊ ነው። አቅም ሲቀንስ ሰው የሚመርጠውን ያጠብባል፣ በመረጠው ላይ የበለጠ ይደክማል፣ የጎደለውን በሌላ ያካክሳል ይላል። ምሳሌ የሚያደርገው ፒያኒስቱን አርተር ሩቢንስታይንን ነው፤ ሲያረጅ ጥቂት ሙዚቃዎችን ብቻ መጫወት ጀመረ፣ እነዚያን አብዝቶ ተለማመደ፣ ፈጣኑ ክፍል ከመድረሱ በፊት ያለውን ዝግ አድርጎ በመጫወት ፈጣኑን ፈጣን አስመሰለው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዋ ላውራ ካርስተንሰን ደግሞ ሰው የቀረው ጊዜ አጭር እንደሆነ ሲሰማው ወዳጁን እንደሚያጠብብ፣ የቀሩትን ግን አጥብቆ እንደሚይዝ አሳይታለች። በአፍሪካ በትውልዶች መካከል ስላለው መረዳዳት የኢዛቤላ አቦደሪንን ሥራ ሳያነቡ መጀመር አይገባም፤ በጋና ከተሞች ልጆች ለወላጅ የሚሰጡት ድጋፍ ለምን እንደተለወጠ ያጠናች ናት።

በውጭ አገር የተዘጋጀ መጠይቅ ለእኛ አረጋውያን ይሠራል?

እንዳለ አይሠራም። ይህን በዝርዝር መናገር እፈልጋለሁ፤ ብዙ ጥሩ ተማሪዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው።

በመስኩ ከታወቁት መለኪያዎች አንዱ ዋግኒልድና ያንግ የተባሉ ሁለት የነርሲንግ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጡት 25 ዐረፍተ ነገሮች ያሉት መጠይቅ ነው። መነሻው የሚያስመሰግን ነው፤ ትልቅ ኪሳራ ደርሶባቸው ራሳቸውን መልሰው ካቆሙ 24 በዕድሜ የገፉ አሜሪካውያት ጋር የተደረገ ቃለ መጠይቅ ነው። ከዐረፍተ ነገሮቹ ውስጥ ግን ሰውየው ከማንም በላይ በራሱ የሚተማመን፣ ካስፈለገም ብቻውን መሆን የሚችል ስለ መሆኑ የሚጠይቁ አሉ። መንዝ ወይም ደብረ ታቦር ላሉ አንዲት እናት «ከማንም በላይ የምተማመነው በራሴ ነው» ማለት ሰው የለኝም ብሎ እንደማልቀስ ነው። እርሳቸው ጠንካራነታቸውን የሚያሳዩት «ሰው አለኝ፣ ሰው አያሳጣኝ» በማለት ነው። መለኪያው ለዚህ መልስ ዝቅተኛ ነጥብ ይሰጣል፤ ከዚያም የእኛ አረጋውያን ጽናት አነስተኛ ነው ተብሎ ይታተማል።

ሁለተኛው ችግር «ተመስገን» ነው። በሕይወትዎ ምን ያህል ይረካሉ፣ እንቅልፍዎ እንዴት ነው፣ ልጆችዎ ይጠይቁዎታል ወይ ሲባሉ አባቶችና እናቶች አስቀድመው ፈጣሪን ያመሰግናሉ። ማማረር ነውር ነው፤ በእንግዳ ፊት ልጅን መውቀስ ደግሞ የባሰ ነውር ነው። መረጃ ሰብሳቢው «በጣም እረካለሁ» በሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ይሄዳል። መድኃኒቱ ከአንድ እስከ አምስት የሚል ሚዛን ከማቅረብ በፊት የኑሮን ዝርዝር መጠየቅ ነው፦ ትናንት ምሳ ከማን ጋር በሉ? ውሃ ማን ቀዳልዎ? ባለፈው ሲታመሙ መጀመሪያ ያወቀው ማን ነበር? ምስጋናው እንዳለ ሆኖ እውነቱ በእነዚህ መልሶች ውስጥ ይገኛል።

ሦስተኛው ዕድሜ ነው። የልደት ምስክር ወረቀት የሌለው ሰው 60፣ 70፣ 80 እያለ በደፈናው ይናገራል። የሚሻለው በታሪክ መጠየቅ ነው። ጣሊያን ሲወጣ ተወልደው ነበር? በታኅሣሥ ግርግር ጊዜ ከብት ይጠብቁ ነበር ወይስ አግብተው ነበር? በ77ቱ ድርቅ የመጀመሪያ ልጅዎ ስንት ዓመቱ ነበር? እንዲህ ያለ የክስተት ዝርዝር ለየወረዳው ማዘጋጀት ጊዜ ይፈጃል፤ ያለ እርሱ ግን በዕድሜ ላይ የተመሠረተ ትንተና ሁሉ የላላ ይሆናል።

ከአረጋውያን ጋር ቃለ መጠይቅ ሳደርግ ምን ልጠንቀቅ?

በመጀመሪያ ከዩኒቨርሲቲው የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ይወሰዳል፤ ከዚያም ወደ ቀበሌው ወይም ወደ ዕድሩ ዳኛ ይኬዳል። ወረቀቱ ይህን ያህል ነው፤ ሌላው የአኳኋን ጉዳይ ነው። «እርስዎ» ተብሎ ይጀመራል፤ «አባባ»፣ «እማማ»፣ «እማሆይ»፣ «ጋሼ» የሚለው እንደየሰውና እንደየአገሩ ነው፣ ጠይቆ መያዝ ይሻላል። ቡና ከተፈላ እስከ በረካ ቁጭ ማለት ነው፤ ዋናው ነገር ብዙ ጊዜ የሚወጣው የድምፅ መቅጃው ከተዘጋ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የሰሙትን ለመጠቀም ግን እንደገና ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ልጅ ወይም ምራት አጠገብ ተቀምጦ ሲመልስላቸው ያጋጥማል። በጨዋነት «እስቲ እርሳቸው ይንገሩኝ» ማለትና ለብቻቸው የሚነጋገሩበትን ጊዜ መፈለግ ይገባል፤ በቤት ውስጥ የሚደርስ ቸልታ ወይም በደል በሌላ መንገድ አይሰማም። የማስታወስ ችግር ያለበት ሰው ፈቃድ በአንድ ጊዜ ፊርማ ወይም በጣት አሻራ ብቻ አይወሰድም፤ በየመካከሉ መቀጠል ይፈልጉ እንደሆነ ይጠየቃሉ፣ ከደከማቸው ይቆማል። ዕርዳታ ሊመጣ ነው የሚል ተስፋ እንዳይፈጠርም መጀመሪያውኑ በግልጽ መናገር ግድ ነው። ቤቱ ባዶ መሆኑን እያዩ ይህን መናገር ከባድ ነው፤ አለመናገር ግን ማታለል ይሆናል።

ግኝቱም ወደ ሰዎቹ መመለስ አለበት። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ጆርናል ላይ ቢወጣም፣ በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ አጠር አድርጎ በዕድር ስብሰባ ላይ ማስረዳት ይቻላል። ይህን የማያደርግ ተመራማሪ ዳግመኛ እንዲገባ ባይፈቀድለት አልፈርድባቸውም።

የመመረቂያ ርዕስ እንዴት ልምረጥ?

ሰፊ ርዕስ ይዛችሁ አትምጡ። «የአረጋውያን ችግሮች በኢትዮጵያ» ርዕስ አይደለም። መጠየቅ ያለበት አንድ ግንኙነት፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ለውጥ ነው።

ዕድርን ውሰዱ። ዕድር በአብዛኛው የተሠራው ለሞት ነው፤ ድንኳን፣ ወጪ፣ ለቀስተኛ። አንዳንድ ዕድሮች ግን አባላቸውን በሕይወት ሳለም መርዳት ጀምረዋል። ይህን የወሰነው ማን ነው፣ ገንዘቡ ከየት መጣ፣ ወርኃዊ መዋጮ መክፈል ያቃታቸው አረጋዊ ከአባልነት ይወጣሉ ወይስ ይታለፋሉ? የአንድ ሰፈር ሁለት ዕድሮችን ማነጻጸር ብቻ ጥሩ ሁለተኛ ዲግሪ ያስመርቃል። በኮንዶሚኒየም ምክንያት ዕድርተኛው ሲበተን ምን እንደሚሆን ደግሞ የሦስተኛ ዲግሪ ጥያቄ ነው።

ወይም ልጃቸው ዓረብ አገር የምትሠራ የወሎ ወላጆችን አስቡ። ገንዘቡ ይደርሳል፣ ቤቱ ቆርቆሮ ይለብሳል፤ የታመሙ ቀን ግን ቤት ውስጥ ያለው ማን ነው? በስልክ የሚደረግ ጥየቃ ምን ይሸፍናል፣ ምኑንስ አይሸፍንም?

እስራኤል ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ ሌላ ሀብት አላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1984 እና 85 በዘመቻ ሙሴ፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 ደግሞ በሁለት ቀን ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በተወሰደበት በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል የሄዱት ኢትዮጵያውያን አይሁድ ጎልማሶች አሁን አርጅተዋል። በጎንደር ሳሉ ዳኛና አስታራቂ የነበሩ ሽማግሌዎች አዲሱን ቋንቋ ከልጆቻቸው መማር ነበረባቸው። የቄሶቹ (ካህናቶቻቸው የሚጠሩት እንዲሁ ነው) እና የሽማግሌዎቹ ሥልጣን ምን ያህሉ ተረፈ? የራሳቸው በዓል የሆነው ስግድ እ.ኤ.አ. በ2008 በእስራኤል ብሔራዊ በዓል ተብሎ መታወጁ ለእነርሱ ምን ማለት ነው? አንቶኖቭስኪ ያስተማረበት የቤርሼባ ከተማ ብዙ ኢትዮጵያውያን አይሁድ የሚኖሩበት መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ የእርሱ ጥያቄ ለእነርሱ መቅረቡ ተገቢ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ ደግሞ የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ መጥተው፣ መኪና ሳይነዱ፣ ቋንቋውን ሳያውቁ ቀኑን በአፓርትመንት ውስጥ የሚያሳልፉ እናቶች አሉ። ከእሑድ ቅዳሴ ውጭ ሳምንታቸው ምን እንደሚመስል የሚጠይቅ ያስፈልጋል።

የምርምር ገንዘብ ባይኖረኝስ?

ሌሎች የሰበሰቡትን መረጃ መጠቀም ይቻላል። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ አሜሪካውያንን ይጠይቃል፤ በአውሮፓ ተመሳሳይ ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ አለ። ሁለቱም ለተመዘገበ ተመራማሪ ያለ ክፍያ ይሰጣሉ። ወደ እኛ ኑሮ የሚቀርበው የዓለም ጤና ድርጅት ጋናንና ደቡብ አፍሪካን ጨምሮ በስድስት አገሮች ያካሄደው ጥናት፣ እንዲሁም በደቡብ አፍሪካ አጊንኮርት ገጠር 40 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ከ5 ሺህ በላይ ሰዎች የሚከታተለው ነው። ኢትዮጵያ በእነዚህ ውስጥ የለችም። እንደ ቡታጅራና ዳባት ያሉ ለረዥም ዓመታት ቤተሰቦችን ሲመዘግቡ የቆዩ የክትትል ጣቢያዎች ግን አሉን፤ በእነርሱ ላይ የአረጋውያን ጥያቄዎችን መጨመር ከባዶ ከመጀመር እጅግ ይቀላል።

ጽናትን ማወደስ መንግሥትን ከኃላፊነት ነፃ አያደርገውም?

ሊያደርገው ይችላል፤ ይህን ፍርሃት ከልባችሁ አታውጡት። ጆን ሮውና ሮበርት ካን እ.ኤ.አ. በ1987 «የተሳካ እርጅና» የሚለውን ሐሳብ ሲያቀርቡ ዓላማቸው እርጅና በሽታ ብቻ አለመሆኑን ማሳየት ነበር። ተቺዎች ግን አንድ ነገር አዩ፤ አንዱ ተሳካለት ከተባለ ሌላው ወድቋል ማለት ነው። አካል ጉዳተኛዋ፣ ድሃው፣ ዕድሜውን ሙሉ በሸክም ጀርባው የጎበጠው ሰው «ያልተሳካላቸው» ሊባሉ ነው።

እኛም «የኢትዮጵያ እናት ሁሉን ትችላለች» የሚል ጽሑፍ ስናወጣ እናቲቱ ብዙ የቻለችው የሚረዳት ስላልነበረ መሆኑን ካልጨመርን ጉዳት እናደርሳለን። ስለዚህ በእኔ እምነት ማንኛውም የጽናት ጥናት ሁለት ነገር አብሮ መጻፍ አለበት፦ ሰውየው ምን እንደቻለና ምን መቻል እንዳልነበረበት። ሮበርት በትለር እ.ኤ.አ. በ1969 በዕድሜ የተነሣ የሚደርሰውን አድልዎ ስም ሰጥቶ ያወጣው ከዘር አድልዎ ጋር አስተያይቶ ነበር፤ በኋላም የአሜሪካ ብሔራዊ የእርጅና ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆኗል። አንድ ሰው ተመራማሪም ተከራካሪም መሆን እንደሚችል ማሳያ ነው።

ስንት ዓመት ይፈጃል? ሥራስ ይገኛል?

ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ሁለተኛ ዲግሪው ሁለት ዓመት፣ ሦስተኛው ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ያህል ይወስዳል። በውጭ አገር ከዚያ በኋላ በጊዜያዊ ተመራማሪነት ጥቂት ዓመት መቆየት የተለመደ ነው። ቋሚ የመምህርነት ቦታ በየትኛውም አገር ጥቂት ነው። በኢትዮጵያ ከሌክቸረርነት ወደ ረዳት ፕሮፌሰርነትና ከዚያ በላይ የሚወጣው በኅትመት ነው፤ የማስተማር ጫናው ከባድ ስለሆነ ለመጻፍ የሚሆን ሰዓት ራሳችሁ መከላከል አለባችሁ። ከዩኒቨርሲቲ ውጭ በጡረታ መሥሪያ ቤቶች፣ በማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮዎች፣ በአረጋውያን ማዕከላትና በዓለም አቀፍ ድርጅቶች ይህን እውቀት የሚፈልግ ሥራ አለ። ሀብታም የሚያደርግ ሙያ ግን አይደለም።

ዕድሜዬ ከአርባ አልፏል። ዘግይቻለሁ?

አልዘገያችሁም። በዚህ መስክ ዕድሜ ይጠቅማል፤ ወላጅ ያስታመመ፣ የቀበረ፣ ከወንድሞቹ ጋር «እናታችን ማን ጋ ትኑር» ብሎ የተከራከረ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ከሃያ አምስት ዓመቱ ተማሪ ጥያቄ ይለያል። ለዓመታት በአረጋውያን ማዕከል የሠሩ ነርሶችና የማኅበራዊ ሠራተኞች መጽሐፍ ላይ የማይገኝ ነገር ያውቃሉ። ሥራ ሳትለቁ በማታ ወይም በርቀት ሁለተኛ ዲግሪ መጀመር፣ የምትሠሩበትን ቦታ የመመረቂያ ጥናታችሁ ማድረግ ትችላላችሁ፤ የሥራ ቦታውን ፈቃድና የተሳታፊዎቹን ነፃነት በጥንቃቄ መጠበቅ ግን ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም የምትንከባከቧቸው ሰዎች «እምቢ» ማለት ሊከብዳቸው ይችላል። ቃለ መጠይቁን ሌላ ሰው እንዲያደርገው ማድረግ አንዱ መፍትሔ ነው።